ስክሪኑ ሲጨልም ኮምፒዩተሩ ሞቷልን?

የሊኑክስ ኮምፒዩተሮችን የግራፊክስና የማሳያ ችግሮች በሥርዓት ስለ መመርመር

ለወራት የተካሄደ የስሌት ውጤት የተከማቸበት ኮምፒዩተር አንድ ቀን ሲበራ ከጥቁር ስክሪን በቀር ምንም አላሳይ ቢል፣ ባለቤቱ የሚሰማውን ድንጋጤ መገመት አያዳግትም። በእንዲህ ያለው ጊዜ በቅርብ ያለ ሰው የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግና እንደ አዲስ ይጫን»። ምክሩ በቅን ልቦና የተሰጠ ቢሆንም በሽታውን ትቶ በሽተኛውን የሚጎዳ መድኃኒት ነው። ፎርማት ሲደረግ ስክሪኑ ምናልባት ይበራ ይሆናል፤ የወራቱ ሥራ ግን አይመለስም። ከዚህም በላይ የችግሩ መንስኤ ሳይታወቅ ስለሚቀር በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የምናሳየው፣ በሊኑክስ ላይ የሚደርሱ የማሳያ ችግሮች ምንም ያህል የተለያዩ ቢመስሉ፣ አንድ የፊዚክስ ተማሪ የኤሌክትሪክ ዑደትን በሚመረምርበት ዘዴ ሊመረመሩ እንደሚችሉ ነው። ዘዴው ግምትን ወደ ጎን ትቶ ሰንሰለቱን ማወቅ፣ ሰንሰለቱን በየቦታው መፈተን፣ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ስለ አጻጻፋችን አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም፤ የኮምፒዩተር ትእዛዞችን እዚህ በድምፃቸው በአማርኛ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ በኪቦርድ ሲጻፉ ግን በላቲን ንዑስ ፊደላት ነው። ዓመታቱም ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምስል የሚሄድበት መንገድ

በስክሪን ላይ የምናየው ምስል በቅድሚያ የቁጥሮች ሰንጠረዥ ነው። 1920 በ1080 ነጥቦች ያሉት ስክሪን በጠቅላላው 2,073,600 ነጥቦች ወይም ፒክስሎች አሉት። ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ቢመደብ አንድ ምስል 8,294,400 ባይት የሜሞሪ ቦታ ይይዛል። ይህ ሰንጠረዥ የሚቀመጥበት የሜሞሪ ክፍል የፍሬም ማኅደር ይባላል እንበል። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ ከማኅደሩ ወደ ስክሪኑ በየሴኮንዱ ወደ 498 ሚሊዮን ባይት ይነበባል ማለት ነው።

ሰንሰለቱ እንግዲህ እንደሚከተለው ነው። ፕሮግራሙ «እዚህ መስመር፣ እዚያ ክብ ይሣል» ይላል። ይህን ትእዛዝ ሜሳ የተባለው የሶፍትዌር ስብስብ ወይም የካርዱ አምራች ያዘጋጀው ሶፍትዌር የግራፊክስ ካርዱ ወደሚረዳው ቋንቋ ይተረጉመዋል። በከርነሉ ውስጥ የሚገኘው ድራይቨር ትርጉሙን ለካርዱ ያስረክባል። ካርዱ ሥሎ በፍሬም ማኅደሩ ውስጥ ያስቀምጣል። የመስኮቶችን አቀማመጥ የሚያስተናግደው ደግሞ የማሳያ አገልጋዩ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. በ1984 በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተጀመረው ኤክስ፣ ወይም በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም የካርዱ የማሳያ ክፍል ማኅደሩን ነጥብ በነጥብ እያነበበ በኬብል ወደ ሞኒተር ይልካል፤ ሞኒተሩም ቁጥሩን ወደ ብርሃን ይለውጣል።

ስለሆነም «ስክሪኑ ጨለመ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያንስ ስድስት የተለያዩ ብልሽቶችን ሊገልጽ ይችላል። ከእነዚህ ከስድስቱ አንዱም ቢሆን በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለውን ፋይል አይነካም። ይህ የጽሑፋችን ዋና ነጥብ ስለሆነ ሊሰመርበት ይገባል።

ድራይቨር ምንድን ነው? ለምንስ ይሰናከላል?

ድራይቨር በከርነሉና በአንድ የተወሰነ ሃርድዌር መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። አስተርጓሚው የሁለቱንም ወገን ቋንቋ ማወቅ አለበት። በሊኑክስ ዓለም ችግር የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ቋንቋዎች አንዱ ሲለወጥ ወይም ሲደበቅ ነው።

በቀደመው ጊዜ የኤክስ አገልጋይ ከከርነሉ ውጭ ሆኖ ካርዱን በቀጥታ ያዝዝ ነበር። ተጠቃሚውም የሞኒተሩን የድግግሞሽ ወሰን በእጁ በፋይል ውስጥ መጻፍ ይገደድ ነበር፤ የተሳሳተ ቁጥር አንዳንድ የጥንት የካቶድ ጨረር ሞኒተሮችን ሊጎዳ ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የከርነል ዝርያ 2.6.29 ይህ ኃላፊነት በኢንቴል ካርዶች ጀምሮ ወደ ከርነሉ ውስጥ መግባት ጀመረ። ዛሬ የስክሪኑን ስፋትና ድግግሞሽ የሚወስነው ከርነሉ ራሱ ነው።

የአምራቾቹ ጠባይም እንዲሁ አንድ አይደለም። ለኢንቴልና ለኤኤምዲ ካርዶች የሚያገለግሉት ድራይቨሮች ከከርነሉ ጋር አብረው የሚዘጋጁ ስለሆኑ ከርነሉ ሲታደስ አብረው ይታደሳሉ። ኤንቪዲያ ግን ለረጅም ዘመን የካርዶቹን አሠራር ሰውሮ የራሱን ዝግ ድራይቨር ብቻ ያቀርብ ነበር። በጎ ፈቃደኞች የካርዱን ጠባይ ከውጭ እየተመለከቱ «ኑቮ» የተባለውን ነጻ ድራይቨር ሠሩ፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ «አዲስ» ማለት ነው። ሥራቸውም በ2010 በከርነሉ ውስጥ ተካተተ። የሊኑክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2012 በፊንላንድ አልቶ ዩኒቨርሲቲ ተገኝቶ ሲናገር ኩባንያውን በአደባባይ በብርቱ ቃል የነቀፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ኤንቪዲያ በ2022 የድራይቨሩን የከርነል ክፍል ለአዳዲስ ካርዶቹ በግልጽ ኮድ አወጣ። ያም ሆኖ ይህ ክፍል ከከርነሉ ተለይቶ የሚጫን ስለሆነ፣ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ለአዲሱ ከርነል ዳግመኛ መዘጋጀት አለበት። ይህን ነጥብ አንባቢያን እንዲያስታውሱት እንጠይቃለን፤ ወደ ፊት እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ኮምፒዩተሩ ሕያው ነውን?

ሐኪም ሕሙም ሲመጣለት አስቀድሞ የልብ ትርታ ያዳምጣል። እኛም የመጀመሪያው ተግባራችን ይህ ነው። በኪቦርዱ ላይ ያለውን የካፕስ ሎክ ቁልፍ ስንጫን መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ከርነሉ ይሠራል ማለት ይቻላል። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ቁልፎችን በአንድነት መጫን ነው። በዚህ ጊዜ የተጠቃሚ ስም የሚጠይቅ ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ከመጣ ሞኒተሩም፣ ኬብሉም፣ ካርዱም፣ ከርነሉም ደኅና ናቸው፤ የተበላሸው ከእነርሱ በላይ ያለው የግራፊክስ ክፍል ብቻ ነው። በአንድ የቁልፍ ንክኪ የሰንሰለቱን ግማሽ ነጻ አወጣን ማለት ነው።

የጽሑፍ ገጹም ካልመጣ፣ ኤስኤስኤች የተባለው አገልግሎት አስቀድሞ ተጭኖ ከነበረ ከሌላ ኮምፒዩተር በኔትዎርክ መግባት ይቻላል። የስሌት ሥራ የሚሠራበት ማናቸውም ኮምፒዩተር ይህ አገልግሎት ቢኖረው መልካም ነው። ይህም ባይኖር የሊኑክስ ስርጭት ከተጫነበት ፍላሽ ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ ሃርድ ዲስኩን በመክፈት ፋይሎችን ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥ ይቻላል። ዲስኩ በምስጢር የተቆለፈ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ያስፈልጋል። ምርመራው ከመቀጠሉ በፊት ይህን ቅጂ መውሰድ ብልህነት ነው፤ ሥራው መትረፉ ከታወቀ በኋላ ምርመራው በተረጋጋ መንፈስ ይካሄዳልና።

ኮምፒዩተሩን ማጥፋት ግድ ሲሆንም ኃይሉን ድንገት ከመቁረጥ ይልቅ የሚመረጥ መንገድ አለ። በኡቡንቱ አልትንና የፕሪንት ስክሪን ቁልፍን ይዞ በየተራ ኤስ፣ ዩ እና ቢ ፊደላትን መጫን ይበቃል። የመጀመሪያው በሜሞሪ ያለውን ወደ ዲስክ ያስጽፋል፤ ሁለተኛው ዲስኩን ለንባብ ብቻ ያደርገዋል፤ ሦስተኛው ኮምፒዩተሩን እንደገና ያስነሣል።

ሰንሰለቱን ለሁለት መክፈል

ምስሉ ፈጽሞ የጠፋ ሳይሆን የተበላሸ ሲሆን፣ ማለትም የተቆራረጠ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ወይም ጥላ ያለው ሲሆን፣ ሦስት ቀላል ሙከራዎች ብዙ ይነግሩናል።

አንደኛው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ፣ ሊኑክስ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ የሚታየውን የማዘርቦርዱን ምናሌ መመልከት ነው። ብልሽቱ በዚያም ላይ ከታየ ሊኑክስ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ካርዱን፣ ኬብሉንና ሞኒተሩን እንመርምር።

ሁለተኛው የስክሪኑን ሥዕል በፕሪንት ስክሪን አንሥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መክፈት ነው። ሥዕሉ የሚወሰደው ምስሉ ወደ ኬብል ከመላኩ በፊት ካለው የሜሞሪ ሰንጠረዥ ስለሆነ፣ ብልሽቱ በሥዕሉ ውስጥ ከታየ የተፈጠረው በሥዕል ሥራው ደረጃ፣ ማለትም በፕሮግራሙ፣ በድራይቨሩ ወይም በካርዱ ሜሞሪ ነው። ሥዕሉ ጥርት ያለ ከሆነ ግን ብልሽቱ የተፈጠረው ምስሉ ሲላክ ወይም ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን ሙከራ ለማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያተርፈው የሥራ ቀን ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛው ለላፕቶፖች ነው። የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪን ራሱ ብርሃን አያመነጭም፤ ከበስተኋላው የሚመጣውን ብርሃን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ስለዚህ የኋላው መብራት ቢጠፋም ምስሉ በቦታው ሊኖር ይችላል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በባትሪ መብራት ስክሪኑን በሰያፍ ብናበራው ደብዛዛ ምስል ከታየን፣ ድራይቨሩ ምስሉን በሚገባ ሠርቷል፤ የጎደለው የኋላው መብራት ነው። መብራቱ ተቃጥሎ ወይም የብርሃን መጠኑ በሶፍትዌር ወደ ዜሮ ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ኬብሉን በተመለከተ ፊዚክስ የሚለው ነገር አለው። ከላይ በጠቀስነው ስፋት ላይ በየመስመሩና በየገጹ መጨረሻ ያለው የማረፊያ ጊዜ ሲታከል ካርዱ 2200 በ1125 ነጥቦችን በሴኮንድ 60 ጊዜ ይቆጥራል፤ ይህም በሴኮንድ 148.5 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ለአንዱ ነጥብ የሚደርሰው ጊዜ 6.7 ናኖሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። በቪጂኤ ኬብል ላይ ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይጓዛል እንበል። የኬብሉ ኢምፒዳንስ ከሚጠበቀው ከ75 ኦም የራቀ ሲሆን ምልክቱ በሁለቱም ጫፎች በከፊል ይንጸባረቃል። በ5 ሜትር ኬብል ላይ የተንጸባረቀው ምልክት ተጨማሪ 10 ሜትር ስለሚጓዝ 50 ናኖሴኮንድ ያህል ይዘገያል፤ ማለትም ከዋናው ምስል 7 ነጥቦች ያህል ወደ ቀኝ ርቆ እንደ ጥላ ይታያል። ይህን ጥላ በድራይቨር ለውጥ ለማጥፋት የሚሞክር ሰው በከንቱ ይደክማል። የተሻለና አጠር ያለ ኬብል ግን ወዲያውኑ ይፈውሰዋል።

አንድ ምሳሌ፦ ከአፕዴት በኋላ የጨለመ ስክሪን

የኤንቪዲያ ካርድ ያለው አንድ የስሌት ኮምፒዩተር ትናንት ደኅና ነበር እንበል። ማታ አፕዴት ተደረገ፤ ጠዋት ሲበራ የማዘርቦርዱ ዓርማ ታየ፤ ከዚያ በኋላ ግን በጥቁር ገጽ ላይ ብልጭ ድርግም ከሚል ጭረት በቀር ሌላ አልመጣም።

ዓርማው መታየቱ ሞኒተሩና ኬብሉ ደኅና መሆናቸውን ነገረን። በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 የጽሑፍ ገጽ ከፈትን። «ኤል-ኤስ-ፒ-ሲ-አይ» የተባለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከኬ ፊደል ጋር ስንጽፍ በኮምፒዩተሩ ላይ ያሉት ካርዶችና የእያንዳንዳቸው ድራይቨር ይዘረዘራሉ። በግራፊክስ ካርዱ ስም ሥር «በሥራ ላይ ያለ የከርነል ድራይቨር» የሚል ትርጉም ያለው መስመር ሊኖር ይገባ ነበር፤ አሁን ግን የለም። ካርዱ ታውቋል፤ አስተርጓሚው ግን አልቀረበም።

ለምን? «ዩኔም» የተባለው ትእዛዝ ከሰረዝና ከአር ጋር ሲጻፍ አሁን የሚሠራውን የከርነል ዝርያ ይነግረናል። «ዲ-ኬ-ኤም-ኤስ ስቴተስ» ደግሞ ከከርነሉ ውጭ የሚጫኑ ድራይቨሮች ለየትኛው ከርነል እንደተዘጋጁ ይነግራል። ሁለቱን ስናነጻጽር ድራይቨሩ የተዘጋጀው ለትናንቱ ከርነል እንደሆነ፣ ለዛሬው ግን እንዳልተዘጋጀ አየን። የሊኑክስ ከርነል የውስጥ አሠራሩን ከዝርያ ወደ ዝርያ እንዳይለውጥ የሚያስገድደው ውል የለበትም። ስለዚህ ለአንዱ ዝርያ የተዘጋጀ ድራይቨር በሌላው ላይ አይጫንም። ለማዘጋጀት ደግሞ «ሄደርስ» የሚባሉት የከርነሉ ፋይሎች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱ ካልተጫኑ ወይም በአፕዴቱ መካከል መብራት ከጠፋ ዝግጅቱ ይቋረጣል።

ፈውሱ ሁለት ደረጃ አለው። ፈጣኑ እፎይታ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ በሚመጣው የግራብ ምናሌ ውስጥ የተራቀቁ አማራጮች ወደሚለው ገብቶ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ነው፤ ሊኑክስ አሮጌውን ከርነል ወዲያው የማያጠፋው ለዚህ ነው። ዘላቂው ፈውስ ደግሞ ለአዲሱ ከርነል ሄደርሶቹን መጫንና ድራይቨሩን ዳግመኛ ማዘጋጀት ነው። በደቢያንና በኡቡንቱ የተቋረጠ ጭነት ካለ «ዲ-ፒ-ኬ-ጂ» የተባለው ትእዛዝ ያልተዋቀረውን ሁሉ እንዲያዋቅር ሲታዘዝ ካቆመበት ይቀጥላል።

ድራይቨሩ ተዘጋጅቶም ሳለ ከርነሉ አልቀበልም የሚልበት ጊዜ አለ። ሴክዩር ቡት የተባለው ጥበቃ በርቶ ከሆነ ከርነሉ የታወቀ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አይጭንም፤ በ«ዲሜሴጅ» የከርነል መዝገብ ውስጥም ቁልፉ ተቀባይነት እንዳላገኘ የሚገልጽ መስመር ይገኛል። አፕዴቱ ወይም ጭነቱ ሲካሄድ የይለፍ ቃል ተጠይቆ፣ ቀጥሎ ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ቁልፉ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ገጹ ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለሚቆይ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ምዝገባውን ደግሞ ማስጀመርና በትዕግሥት መፈጸም ችግሩን ይፈታዋል።

ሁለተኛ ምሳሌ፦ ስሙን የማይናገር ሞኒተር

አዲስ ሞኒተር ወይም ፕሮጀክተር ተገናኝቶ ምስሉ ቢመጣም ከ1024 በ768 በላይ አልሰፋም የሚልበት ጊዜ አለ። ፊደላቱ ገዝፈውና ደብዝዘው ይታያሉ። እዚህ ላይ ድራይቨሩን ከመውቀሳችን በፊት ሞኒተሩ ከኮምፒዩተሩ ጋር እንዴት እንደሚተዋወቅ እንወቅ።

እያንዳንዱ ሞኒተር ማንነቱን የሚገልጽ ትንሽ ሰነድ በውስጡ ይዟል። መሠረታዊው ሰነድ 128 ባይት ብቻ ሲሆን የአምራቹን መለያ፣ የስክሪኑን ስፋትና የሚቀበላቸውን ድግግሞሾች ይዘረዝራል። የመጨረሻው ባይት የሚመረጠው የ128ቱ ባይቶች ድምር ለ256 ያለ ቀሪ እንዲካፈል ሆኖ ነው። ድምሩ ካልተካፈለ ሰነዱ በመንገድ ላይ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሰነዱ የሚጓዘው ምስሉ በሚሄድባቸው ሽቦዎች ሳይሆን በሌሎች ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው፤ በቪጂኤ መሰኪያ ላይ እነዚህ 12ኛውና 15ኛው እግሮች ናቸው። በሴኮንድ 100,000 ምት ሲላክ 12 ሚሊሴኮንድ ያህል ይበቃዋል።

እንግዲህ ከእነዚህ ከሁለቱ እግሮች አንዱ ከተሰበረ፣ ወይም ርካሹ ኬብል ከመጀመሪያው ሽቦውን ካላካተተው፣ ወይም ምስሉን ለብዙ ሞኒተሮች የሚያከፋፍል መሣሪያ ሰነዱን ካላስተላለፈው፣ ምስሉ በደኅና ይመጣል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ከማን ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም። ማንነቱን ለማያውቀው ሞኒተር ከፍ ያለ ድግግሞሽ ከመላክ ይልቅ ማንኛውም ሞኒተር የሚችለውን ዝቅተኛ ስፋት ይመርጣል። ይህ ጥንቃቄ እንጂ ብልሽት አይደለም።

ምርመራው ቀላል ነው። ከርነሉ ከእያንዳንዱ መሰኪያ ያነበበውን ሰነድ በ«ሲስ» ማውጫ ሥር፣ በ«ክላስ» እና በ«ዲ-አር-ኤም» ክፍሎች ውስጥ በፋይል መልክ ያሳያል። ፋይሉ ባዶ ከሆነ ሰነዱ አልደረሰም። የመጀመሪያው ፈውስ ኬብሉን መለወጥ ነው። ይህ ካልተቻለ በኤክስ አገልጋይ ላይ «ሲ-ቪ-ቲ» የተባለው ትእዛዝ ለተፈለገው ስፋት የሚያስፈልጉትን የጊዜ ቁጥሮች ያሰላል፤ «ኤክስ-ራንድር» ደግሞ ቁጥሮቹን ይመዘግባል። በዌይላንድ ሥር ግን ይህ መንገድ ስለማያገለግል ስፋቱን ለከርነሉ በመነሻው ላይ መንገር ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ከሞኒተሩ መመሪያ መጽሐፍ ጋር ሳይመሳከሩ ሊጻፉ አይገባም።

ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ሌላ ጉዳይም አለ። ሁለት የግራፊክስ ካርዶች ባሏቸው ብዙ ላፕቶፖች የውጭው መሰኪያ የተገናኘው ከኃይለኛው ካርድ ጋር ነው። የዚያ ካርድ ድራይቨር ካልተጫነ የላፕቶፑ ስክሪን እየሠራ ፕሮጀክተሩ ዝም ይላል። በዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮችም ኬብሉ በግራፊክስ ካርዱ ፈንታ በማዘርቦርዱ መሰኪያ ላይ ተሰክቶ ሲገኝ ይህንኑ የሚመስል ሁኔታ ይከሰታል።

ምስሉ ሲዘገይ

ምስሉ እየታየ ሁሉ ነገር የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ መስኮት ሲጎተት የሚጎትተው ጥላ ካለ፣ የሥዕሉን ሥራ የሚሠራው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። «ጂ-ኤል-ኤክስ-ኢንፎ» የተባለው ትእዛዝ የሠዓሊውን ስም ይነግረናል። ስሙ የኢንቴል፣ የኤኤምዲ ወይም የኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ መልካም ነው። «ኤልኤልቪኤም-ፓይፕ» ከሆነ ግን ካርዱ ሥራ ፈትቶ ማዕከላዊው ፕሮሰሰር ራሱ እየሣለ ነው። በሴኮንድ 60 ጊዜ ሁለት ሚሊዮን ነጥቦችን መቀባት ለጥቂት ኮሮች ከባድ ሸክም ነው፤ ከስሌታችንም ጊዜ ይሻማል።

የዚህ ችግር አንዱ የተለመደ ምንጭ ራሱ መድኃኒት የነበረ ነገር ነው። ስክሪኑ ሲጨልም «ኖሞድሴት» የተባለውን ቃል በከርነሉ የመነሻ መስመር ላይ መጨመር በሰፊው ይመከራል። ቃሉ ከርነሉን «የግራፊክስ ድራይቨሮች ስክሪኑን እንዳያዋቅሩ አድርግ፤ በመነሻው በተሰጠህ ገጽ ብቻ ቆይ» ማለት ነው። ወደ ስክሪኑ ተመልሶ ለመግባትና ድራይቨሩን ለመጠገን ጠቃሚ ነው። ነገር ግን እንደ ምርኩዝ ነው፤ እግሩ የዳነ ሰው ምርኩዙን ካልጣለ ሮጦ አያውቅም። ቃሉ በመነሻው ፋይል ውስጥ ተረስቶ ከቀረ ድራይቨሩ ቢስተካከል እንኳ አይሠራም።

ድራይቨር የሚመስሉ ግን ያልሆኑ

ተጠቃሚው የይለፍ ቃሉን በትክክል ጽፎ ስክሪኑ ለአፍታ ከጨለመ በኋላ ወደዚያው የመግቢያ ገጽ ቢመልሰው ብዙዎች ድራይቨሩን ይጠረጥራሉ። በስሌት ኮምፒዩተሮች ላይ ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ዲስኩ ነው። ሌሊቱን የሠራ ፕሮግራም ውጤቱን እየጻፈ ዲስኩን ከሞላው የግራፊክስ ክፍሉ የሚያስፈልጉትን ጥቃቅን ፋይሎች መጻፍ ስለማይችል ተመልሶ ይወድቃል። በጽሑፍ ገጹ ላይ «ዲ-ኤፍ» የተባለውን ትእዛዝ መጻፍ የዲስኩን ባዶ ቦታ ያሳያል። በዚህ ጊዜ ፎርማት ማድረግ ምን ያህል አሳዛኝ እንደሚሆን አስቡት፤ ችግሩ የውጤቱ መብዛት ሆኖ ሳለ ውጤቱን ሁሉ ማጥፋት ነውና።

ሌላው ለአማርኛ ጸሐፊዎች የቀረበ ጉዳይ ነው። የላቲን ፊደላት በደኅና እየታዩ የአማርኛ ፊደላት በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ቢተኩ ካርዱም ድራይቨሩም አልተበላሹም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው የዩኒኮድ ዝርያ 3.0 የራሱ ቁጥሮች ተሰጥተውታል፤ የጎደለው እነዚያን ቁጥሮች ወደ ቅርጽ የሚለውጠው የፊደል ቅርጽ ፋይል ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ሲጫን ማዕዘኖቹ ወደ ፊደልነታቸው ይመለሳሉ።

መደምደሚያ

ከላይ ያየናቸው ሁሉ ወደ አንድ ሥርዓት ይጠቀለላሉ። አስቀድሞ ኮምፒዩተሩ ሕያው መሆኑን ማረጋገጥ፤ ሥራን ገልብጦ ማትረፍ፤ የሰንሰለቱን መካከል ፈልጎ መፈተንና ደኅናውን ግማሽ ነጻ ማውጣት፤ የከርነሉን መዝገብ ማንበብ፤ ከዚያም አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ውጤቱን መመልከት። ኬብሉንም፣ ድራይቨሩንም፣ ከርነሉንም በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው ስክሪኑ ቢበራለት እንኳ የፈወሰው የትኛው እንደሆነ አያውቅም፤ ነገም ያው ችግር ሲመጣ ከዜሮ ይጀምራል።

ለዚህም ከማናቸውም መሣሪያ በላይ የሚያገለግለው ተራ ደብተር ነው። ቀኑ፣ የከርነሉ ዝርያ፣ የድራይቨሩ ዝርያ፣ የታየው ምልክት፣ የተደረገው ለውጥና ውጤቱ በየመስመሩ ይጻፉ። ኮምፒዩተሮቹን በጋራ የሚጠቀሙ ተማሪዎች እንዲህ ያለ አንድ ደብተር በክፍሉ ቢያኖሩ ከጥቂት ወራት በኋላ የራሳቸው የጥገና መጽሐፍ ይኖራቸዋል። ያን ጊዜ ስክሪን ሲጨልም በቅድሚያ የሚፈለገው ደብተሩ እንጂ የፎርማት ማድረጊያው ፍላሽ አይሆንም።